የብሉ ቺዝ ቅርፊት ይበላል ወይስ ተቆርጦ ይጣላል?

የሻገተ እንጀራ ይጣላል፤ የሻገተ ዳቦም እንዲሁ። ከልጅነታችን የተማርነው ይህንን ነው፤ ትክክልም ነው። የእኛ አይብ ደግሞ በአብዛኛው በትኩሱ የሚበላ ነው፤ ቅርፊት የለውም፤ ወራት እስኪያልፉ በዋሻ አይቀመጥም። ስለዚህ በሆቴል የቁርስ ጠረጴዛ ላይ ወይም በሮም፣ በዱባይና በዋሽንግተን መደብሮች ውስጥ ሰማያዊ ሻጋታ ውስጥ ለውስጥ የተሰራጨበት ቺዝ ሲያጋጥመን ብንጠራጠር ተገቢ ነው። ውስጡን ደፍሮ የቀመሰ ሰው እንኳ ዳር ላይ ያለው ግራጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ዘንድ ሲደርስ ቢላውን ይዞ ያመነታል።

መልሱን ላስቀድም። ጤናማ ለሆነ አዋቂ ሰው የአብዛኛው ብሉ ቺዝ ቅርፊት ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን አምራቾቹ ራሳቸው እንዳይበላ ያስጠነቀቁበት ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት፣ ለአረጋዊና የበሽታ መከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ደግሞ ጥያቄው ከቅርፊቱ አልፎ ወደ ቺዙ ራሱ ይደርሳል። «ብሉ ቺዝ» የአንድ ምግብ ስም አይደለም። የደርዘን አገር ቺዞች የሚጠሩበት የወል ስም ነው፤ ቅርፊታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል መሄድ ይጠቅማል።

በቅድሚያ፦ ውስጡና ውጭው ለምን ይለያያሉ?

ውስጡን ሰማያዊ የሚያደርገው ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ የሚባል ሻጋታ ነው። አምራቹ ዘሩን በወተቱ ወይም በረጋው ወተት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረዋል። ይህ ሻጋታ ለማደግ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ቺዙ ቅርጹን ከያዘ በኋላ በረጃጅም የብረት ወስፌዎች ይወጋል፤ አየሩ በቀዳዳዎቹ ሲገባ ሻጋታው መንገዱን ተከትሎ ይዘረጋል። አንዳንድ ቁራጭ ላይ ሰማያዊው መስመር ቀጥ ብሎ የሚታየው ወስፌው ያለፈበት ስለሆነ ነው። ይህ ሻጋታ በጥንቃቄ የተመረጠ፣ ለብዙ ዘመንም ሲበላ የኖረ ነው።

ቅርፊቱ ግን በአንድ ዘር ብቻ አይገዛም። በምድር ቤቱ አየር፣ በእንጨት መደርደሪያው፣ በጨው ውሃው፣ በብሩሹና በሠራተኛው እጅ የሚመጡ እርሾዎች፣ ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። አብዛኞቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ለቺዙ ሽታና ጣዕም የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ የረጋ ቺዝ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ብዙ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ያግዳል። በላዩ ላይ ያሉት እርሾዎችና ሻጋታዎች ግን አሲዱን ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። እርጥበት ካለበት ደግሞ ሊስቴሪያ ለሚባለው ባክቴሪያ ምቹ ቦታ ይሆናል።

ሊስቴሪያን ከሌሎቹ የሚለየው በማቀዝቀዣ ውስጥም መራባቱ ነው። ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ጨውንም በደንብ ይቋቋማል። ስለ ብሉ ቺዝ ቅርፊት የሚነገረው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊው ሻጋታ የብዙ ሰው ሥጋት ቢሆንም መፍራት ያለብን እርሱን አይደለም።

ደረጃ 1፦ የሚበላው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚጀምረው ቺዙን በማየት ነው። እኔ ግን ከሰውየው መጀመር እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ እዚሁ ሊያልቅ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለስላሳ ብሉ ቺዝን ሳይበስል አይብሉ። ሊስቴሪያ በእናትየው ላይ ቀላል ጉንፋን መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ፅንሱን ግን ሊያስወርድ፣ ሕፃኑ ሞቶ እንዲወለድ ወይም በጽኑ ታምሞ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። እዚህ ላይ በብዛት የሚሰማ አንድ አደገኛ ምክር አለ፦ «ቅርፊቱን ቆርጠሽ ውስጡን ብዪ» የሚል። ይህ ምክር አይሠራም። ቺዙ የተወጋው በቅርፊቱ በኩል ነው፤ ወስፌው ከውጭ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በመደብር ውስጥ የሚቆርጠው ቢላም እንዲሁ ቅርፊቱን አልፎ ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። ቅርፊትን ማንሳት ለጤናማ ሰው አደጋን ይቀንሳል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ዋስትና አይሆንም።

የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ለነፍሰ ጡሮች በሚሰጠው ምክር ስቲልተንን ከቼዳርና ከፓርሜዛን ጋር ከጠንካሮቹ ቺዞች ይመድበዋል፤ እንዲበላም ይፈቅዳል። ምክንያቱ ጠንካራ ቺዝ አነስተኛ እርጥበት ስላለው ነው። እንደ ጎርጎንዞላና ሮክፎርት ያሉትን ለስላሶች ግን እንፋሎት እስኪወጣቸው ካልበሰሉ በስተቀር ይከለክላል።

ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ፣ የተተካ ኩላሊት ወይም ጉበት ያላቸው፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ለሕፃናትም እንዲሁ። ወላጆቹን ሊጠይቅ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ወይም ወላጆቹን ወደ ውጭ የሚያስመጣ ሰው ይህንን ያስታውስ፤ ለእንግዳ አዲስ ነገር ማቅመስ ደስ ይላል፤ ለ70 ዓመት እናት ግን ከዚህ ቺዝ አለመጀመር ይሻላል።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ለብቻ ላንሳ። ብሉ ቺዝ እንደ ሌሎች ለረጅም ጊዜ የቆዩ ቺዞች ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለበት። ይህ ንጥረ ነገር እንደ ፌነልዚንና ትራኒልሳይፕሮሚን ካሉ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርስ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድም በመጠኑ ተመሳሳይ ባሕርይ አለው፤ የቆየ ቺዝ የበላ ታካሚ ፊቱ ሊቀላ፣ ልቡ ሊመታና ራሱን ሊያመው ይችላል። መድኃኒት የተላመደውን ነቀርሳ ለማከም የሚሰጠው ሊነዞሊድም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ቺዙን እንጂ መድኃኒቱን አይተው፤ ጥያቄ ካለውም ሐኪሙን ያማክር። ማይግሬን ከሚያስቸግራቸው ሰዎችም አንዳንዶቹ በቆየ ቺዝ ሊነሳባቸው ይችላል።

የፔኒሲሊን አለርጂ ያለባቸው ሰዎች በስሙ መመሳሰል ይደነግጣሉ። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት የሚገኘው ከሌላ የፔኒሲሊየም ዝርያ ነው፤ ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ መድኃኒቱን አያመርትም። የመድኃኒቱ አለርጂ ብቻውን ብሉ ቺዝን አያስከለክልም። ለሻጋታ ራሱ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ይራቅ።

ደረጃ 2፦ መለያ ጽሑፉን ያንብቡ

ከላይ የተጠቀሱት ውስጥ ካልሆኑ አሁን ወደ ማሸጊያው ይሂዱ። መጀመሪያ የሚፈለገው ስለ ቅርፊቱ የተጻፈ ቃል ነው። ጣሊያን ውስጥ ወይም የጣሊያን ቺዝ በሚሸጥበት ቦታ «ክሮስታ ኖን ኤዲቢሌ» የሚል ካገኙ ቅርፊቱ አይበላም ማለት ነው። የፈረንሳዩ «ክሩት ኖን ኮሜስቲብል» ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ቆርጦ ይጣል።

ሁለተኛው ናታማይሲን ወይም ኢ235 የሚል ነው። ይህ ያልተፈለገ ሻጋታ እንዳይበቅል በአንዳንድ ቺዞች ገጽ ላይ የሚቀባ መከላከያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ጠልቆ እንዳይገኝ ያዛል። ስለዚህ የተቀባ ቺዝ ሲገኝ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ወፈር አድርጎ መቁረጥ በቂ ነው።

ሦስተኛው የወተቱ ዓይነት ነው። «ሌ ክሩ» ወይም «ላቴ ክሩዶ» ያልፈላ ጥሬ ወተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከጥሬ ወተት የተሠራ ቺዝ ለመሸጥ ቢያንስ 60 ቀን መቆየት አለበት። ፓስቸራይዝድ፣ ማለትም ጀርም ለመግደል የተሞቀ ወተት የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ሊስቴሪያ ወተቱ ከተሞቀ በኋላ በመደርደሪያና በጨው ውሃ በኩል ቅርፊቱ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል «ፓስቸራይዝድ» የሚለው ቃል ብቻውን ቅርፊቱን ነጻ አያወጣውም።

ደረጃ 3፦ የትኛው ቺዝ ነው?

አሁን ስሙን ይለዩ። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙትን በየተራ ላንሳቸው።

ጎርጎንዞላ ከሰሜን ጣሊያን ከሎምባርዲያና ከፒየሞንቴ ግዛቶች ይመጣል፤ ከላም ወተት ይሠራል። ለስላሳው «ዶልቼ» ቢያንስ 50 ቀን፣ ኮስታራው «ፒካንቴ» ቢያንስ 80 ቀን ይቆያል። ቅርፊቱ ግራጫና ሮዝ ቀለም ያለው፣ እርጥብና ሸካራ ነው። ከላይ የተገለጸው የአሲድ መቀነስና እርጥበት በደንብ የሚታየው በዚህ ቺዝ ላይ ነው፤ አምራቾቹም ቅርፊቱ አይበላም ይላሉ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። «ጣሊያኖች ምንም አይጥሉም» ብለው የጎርጎንዞላን ቅርፊት ሾርባ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ እንዲህ የሚደረገው በደረቁ በፓርሜዛን ቅርፊት ነው እንጂ በዚህ አይደለም።

ሮክፎርት ከደቡብ ፈረንሳይ ነው። ላኮን ከሚባሉ በጎች ጥሬ ወተት ተሠርቶ ሮክፎርት ሱር ሱልዞን በምትባለው መንደር፣ በኮምባሉ ተራራ ዋሻዎች ውስጥ ይበስላል። በዋሻዎቹ ውስጥ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር የሚያስገቡ የተፈጥሮ ስንጥቆች አሉ። ከተሠራ ጀምሮ ቢያንስ 90 ቀን ይሞላዋል፤ በ1925 በፈረንሳይ ሕግ ስሙ የተጠበቀለት የመጀመሪያው ቺዝ ነው። በፎይል ተጠቅልሎ ስለሚቆይ ደረቅ ቅርፊት የለውም። ዳሩ ከውስጡ ትንሽ ለስለስና ጨው በዛ ያለበት ነው እንጂ የሚጣል አይደለም። ጤናማ ሰው እንዳለ ሊበላው ይችላል። ጥሬ ወተት መሆኑን ግን አይርሱ።

የዴንማርኩ ዳናብሉም ቅርፊት የለውም ማለት ይቻላል፤ ነጭ፣ ጨዋማና በቀላሉ የሚፈረፈር ነው። ከፎይሉ ወጥቶ ሙሉው ይበላል።

ስቲልተን የእንግሊዞች ነው። በሕግ ሊሠራ የሚችለው በደርቢሻየር፣ በሌስተርሻየርና በኖቲንግሃምሻየር አውራጃዎች ብቻ ነው፤ ስሙን የወሰደበት የስቲልተን መንደር ራሱ ከእነዚህ ውጭ ስለሆነ እዚያ መሥራት አይቻልም። ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ የሚፈጠር፣ ቡናማ፣ የተሸበሸበና ደረቅ ነው። ይበላል። ጣዕሙ ግን የምድር ቤት አፈርን የሚያስታውስ፣ አንዳንዴም መራራ ነው፤ ጥርስ ላይም እንደ አሸዋ ይሰማል። ረጅም ጊዜ በቆየ ቅርፊት ላይ የሚታየው ዱቄት መሰል ነገር የጥቃቅን የቺዝ ተባዮች ሥራ ሊሆን ይችላል። እኔ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል እበላለሁ፤ ቅርፊቱን ግን ለጣዕሙ ስል አነሳለሁ። ከቅርፊቱ ጋር የሚወዱትም ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ የሚከራከሩት ስለ ጤና አይደለም።

የፈረንሳዩ ፉርም ዳምቤር ቀጭን ግራጫ ቅርፊት አለው፤ ይህም ይበላል።

የጀርመኑ ካምቦዞላና የፈረንሳዩ ብሌ ደ ብረስ ውጫቸው ነጭ ቬልቬት ይመስላል። ይህ ነጭ ሽፋን ፔኒሲሊየም ካሜምበርቲ የሚባል፣ በካሜምበር ቺዝ ላይ የሚዘራው ሻጋታ ነው፤ የቺዙ አካል ስለሆነ አብሮ ይበላል። እነዚህ ሁለቱ ግን ለስላሶች በመሆናቸው በደረጃ 1 ለተጠቀሱት ሰዎች ሳይበስሉ ፈጽሞ አይመከሩም።

በቅጠል የተጠቀለሉም አሉ። የስፔኑ ቫልዴዮን በዛፍ ቅጠል ይሸፈናል፤ ቅጠሉ ይነሳል። በ2019 በዓለም የቺዝ ውድድር አንደኛ የወጣው የአሜሪካው ሮግ ሪቨር ብሉ ደግሞ በዕንቁ ፍሬ (ፒር) አልኮል በተነከረ የወይን ቅጠል ይጠቀለላል። በሰም፣ በጨርቅ፣ በፕላስቲክ ወይም በፎይል የተሸፈነ ከሆነ ሽፋኑ ምግብ አይደለም።

ስሙ ካልታወቀስ? በሆቴል ጠረጴዛ ላይ ምልክት የሌለው ቁራጭ ካጋጠመዎት ያቀረበውን ሠራተኛ ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ ቅርፊቱን ይተዉት።

ደረጃ 4፦ ዓይንና አፍንጫ

ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫና ነጭ የተለመዱ ቀለሞች ናቸው። በጎርጎንዞላ ቅርፊት ላይ ሮዝና ብርቱካናማ ቀለም ማየትም አያስደነግጥም። ቀድሞ ያልነበረ ጥቁር ፀጉራም ሻጋታ፣ ውስጠኛው ነጭ ክፍል ላይ የወጣ ሮዝ ወይም ቀይ ነጠብጣብ፣ የሚያሟልጭ ዝልግልግ ነገር ከታየ ግን ሙሉውን ይጣሉት። በጠንካራ ቺዝ ላይ ያልተፈለገ ሻጋታ ሲወጣ ዙሪያውንና ሥሩን ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ቀሪውን መብላት ይቻላል፤ ለለስላሳና ለተፈረፈረ ቺዝ ይህ አይሠራም፤ እርጥበት ባለበት ብክለቱ ዓይን ከሚያየው በላይ ይዘልቃል።

ማሸጊያው ሲከፈት የአሞኒያ ሽታ ሊወጣ ይችላል። ታፍኖ የቆየ ጋዝ ስለሆነ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። ሽታው ከጠፋ ደህና ነው። ከቆየ በኋላም ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል።

ሊስቴሪያ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። መልካም ሽታ ያለው ቺዝ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልምና ይህ ደረጃ የመጀመሪያውን ሊተካ አይችልም።

ደረጃ 5፦ አቆራረጥ

ቅርፊቱ የማይበላ ከሆነ ቺዙ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ፣ ሳይለሰልስ ይቁረጡት። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት በቂ ነው፤ ናታማይሲን የተቀባ ከሆነ ግን ከዚያ ትንሽ ወፈር ይበል። ሰሌዳው ላይ በጎኑ አስተኝተው ቅርፊቱን በሙሉ በመጀመሪያ ያንሱ፤ ከዚያ ቢላውንና ሰሌዳውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ያጥቡ፤ ውስጡን ወደ መቆራረጥ የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን መካከለኛ እጥበት ይዘለዋል፤ ሲዘለል ግን ከቅርፊቱ የተነሳው ሁሉ በቢላው ተሳፍሮ ውስጡ ይገባል። በሆቴልና በምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ ይህ ለሰላጣ ከሚሆነው ሰሌዳ መለየትንም ይጨምራል።

ቅርፊቱ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ቁራጩ ከመሐል እስከ ዳር እንዲደርስ አድርገው በሽብልቅ ቅርጽ ይቁረጡ፤ እያንዳንዱ ሰው ከለስላሳውም ከዳሩም ይደርሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ውስጡን ብቻ ይቅመስ፤ ቀጥሎ ከቅርፊቱ ትንሽ ጨምሮ። ከማር፣ ከዕንቁ ፍሬ ወይም ከተቆላ ለውዝ ጋር መራራነቱ ይለዝባል። ከመብላት በፊት 30 ደቂቃ ያህል ውጭ ማቆየት ጣዕሙን ያወጣዋል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ግን አይቆይ።

ደረጃ 6፦ ማብሰል

ለተጋላጭ ሰው ብሉ ቺዝ ማቅረብ የግድ ከሆነ መሐሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ፣ እንፋሎት እየወጣውና እየተንፈቀፈቀ መብሰል አለበት። ትኩስ ፓስታ ላይ ከእሳት ወርዶ የተበተነ፣ ሥጋ ላይ ተደርጎ በግማሽ የቀለጠ አይቆጠርም። ሰላጣ ላይ የተፈረፈረማ ጥሬ ነው።

ደረጃ 7፦ አቀማመጥና የጾም ወቅት

ቺዙን በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለው፣ ክዳኑ ጥብቅ ባልሆነ ዕቃ ለብቻው ያስቀምጡት። በፕላስቲክ ታፍኖ ሲቆይ ቅርፊቱ ይረጥባል፤ ክፍቱን ሲሆን ይደርቃል፤ ሻጋታውም ወደ ዳቦና ወደ ሌላ ቺዝ ይዘምታል። የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ4 ዲግሪ አይብለጥ። የተከፈተውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የተከፈተ ቺዝ የሚተርፋቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። 55 ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመን ብሉ ቺዝ ለፋሲካ ማውጣት አይገባም። ከቅበላ በፊት ቅርፊቱን አንስተው፣ በትንንሹ ቆራርጠው በረዶ ቤት ውስጥ ያስገቡት። ሲቀልጥ ስለሚፈረፈር ለማብሰያ እንጂ ለጠረጴዛ አይሆንም። በረዶ ሊስቴሪያን አይገድልም፤ እንዳይራባ ብቻ ያደርገዋል።

ከበሉ በኋላ

ጤናማ ሰው የጎርጎንዞላ ቅርፊት ሳያውቅ ቢበላ ወደ ሐኪም መሮጥ አያስፈልገውም። ነፍሰ ጡር ወይም ተጋላጭ ሰው ግን ከበላ በኋላ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም የሐሳብ መደናገር ከተሰማው በዚያው ቀን ይታከም፤ ምን እንደበላና መቼ እንደበላም ለሐኪሙ ይንገር። ምልክቱ ለመታየት እስከ 70 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ከሁለት ወር በፊት የተበላ ቺዝም ሊነገር ይገባዋል። በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል።

የተቆረጠውን ቅርፊት ክዳን ባለው የቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ይጣሉት፤ በተለይ ውሻ ካለ። በሻጋታው ውስጥ ያለው ሮክፎርቲን ሲ የሚባል ንጥረ ነገር ሰው በሚበላው መጠን ባይጎዳም ውሾችን ያስመልሳል፤ ብዙ ከበሉም ያንቀጠቅጣቸዋል። ውሻው ከበላ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ።